«እንዲህ ይባላልን?» ስለ ባዕድ ቋንቋ የቃል አመራረጥ

ሰው በተወለደበት ቋንቋ ሲናገር ስለ ቃሉ ብዙ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው ስለ ነገሩ ነው። ቃሉ ከእናቱ ወተት ጋር የገባ ስለ ሆነ ሳይጠራው ይመጣለታል። በትምህርት ባገኘው ቋንቋ ሲናገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሐሳቡን ከማሰብ ይልቅ ቃሉን ሲመረምር፥ ከመረመረም በኋላ ሲጠራጠር ጊዜው ያልፋል። እንግሊዝኛ የተማሩ ወጣቶች ደብዳቤ ሲጽፉ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል። አንድ መሥመር ይጽፋሉ፤ መልሰው ይሰርዙታል፤ ወደ ጓደኛቸው ዘወር ብለውም «እንዲህ ይባላል እንዴ?» ይላሉ። ጓደኛቸው ካላወቀ የእጅ ስልካቸውን አውጥተው ይጠይቃሉ። ስልኩ «አዎን» ቢላቸው እንኳ ልባቸው አያርፍም።

እኔም በአስተማሪነቴ ዘመን ይህን ጥያቄ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ራሴም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አሁን በጡረታ ተቀምጬ ሳስበው ግን ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ይታየኛል። አንደኛው ሰሚን ከማክበር የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው በራስ ከማፈር የሚመጣ ነው። የሁለቱም ቃል አንድ ስለ ሆነ ጠያቂው ራሱ አይለያቸውም። እኔም ሳልለያቸው ኖሬ ያደረስሁትን ጕዳት ከዚህ በታች እናገራለሁ። ይህን የምጽፈው ወጣት አንባቢዬ ከእኔ ቀድሞ እንዲለያቸው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ለጥያቄው የሚገባውን ክብር እንስጠው። በየቋንቋው ቃል ከቃል ጋር ይጋባል። ሁለት ቃላት አብረው የሚኖሩት ሰዋስው ስላዘዘ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ብዙ ዘመን አብሮ ሲጠራቸው ስለ ኖረ ነው። እኛ «ወፍራም ሻይ፥ ቀጭን ሻይ» እንላለን። እንግሊዞች ያንኑ ሻይ «ስትሮንግ» ማለት ብርቱ ይሉታል። ከዚህ ቃል ጋር ወንድማማች የሚመስለውን «ፓወርፉል» የሚለውን ቃል ግን ለሞተር ይሰጡታል እንጂ ለሻይ አይሰጡትም። ምክንያቱን ንገሩን ብንላቸው «እንዲህ ስለሚባል ነው» ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። እኛም ሻይ ለምን እንደሚወፍር ብንጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ጕንፋንን ደግሞ ተመልከቱ። እኛ «ጕንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ ያዡ ጕንፋኑ ነው፥ ተያዡ ሰውዬው ነው። እንግሊዛዊው ግን በራሱ ቋንቋ ጕንፋኑን «ያዝሁት» ይላል። ከእንግሊዝ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ቃል በቃል ገልብጦ በአማርኛ «ትናንት አንድ ጕንፋን ያዝሁ» ቢለን፥ ሌባ የያዘ ዘበኛ መስሎን እንስቃለን። እንቅልፍም እኛን መጥቶ ይወስደናል፤ እንግሊዛዊው ግን ወደ እንቅልፍ ይወድቃል። «ፎቶግራፍ ተነሣሁ» የሚል ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ለባለቋንቋው ግልጽ ነው፤ ለእንግዳ ግን እንቆቅልሽ ነው።

እኛም እንግሊዝኛ ስንናገር አብዛኛው ስሕተታችን ከዚህ ይመጣል። የአማርኛውን ጋብቻ በእንግሊዝኛ ቃላት እንፈጽመዋለን። ለምሳሌ ያህል «መጫወት» ለእኛ ኳስም ነው፥ ወግም ነው። «ማታ ከጓደኛዬ ጋር ስንጫወት አመሸን» የሚለውን «ፕሌይ» ብሎ የሚነግር ሰው፥ ለእንግሊዛዊው ጢም ያበቀሉ ሁለት ሰዎች እንደ ሕፃናት ሲሯሯጡ ያመሹ ያስመስለዋል። ምክርንም እኛ «ምክሮች» ብለን እንቈጥራለን፤ እንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ» የሚለውን ስም እንደ ውሃና እንደ ዱቄት ስለሚያየው የብዙ ቍጥር ምልክት አይጨምርበትም። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ተማሪ አስተዋይ ነው። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ፥ በሰው አገር ለሐኪም ሕመሙን የሚናገር፥ በዳኛ ፊት ቃሉን የሚሰጥ ሰው፥ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ብትገባ እንጀራውን ወይም ጤናውን ልታሳጣው ትችላለች። ስለዚህ «ልጆቹን ተዉአቸው፥ እንደ መጣላቸው ይናገሩ» የሚሉትን ሰዎች አልደግፍም። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ የተማሪ ጭንቀት ያስገኘው አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ፤ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ሃሮልድ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ በ1922 ወደ ጃፓን ሄዶ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት የመንግሥት አማካሪ ሆነ፤ በማግሥቱም ዓመት በቶኪዮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ፓልመር የጃፓን ተማሪዎችን ሲመለከት፥ ቃሉን አውቀው ሰዋስውንም አውቀው ሲያበቁ እንግሊዛዊ የማይለውን ነገር እንደሚጽፉ አስተዋለ። የጐደላቸው የቃላት ጋብቻ ዕውቀት ነበረ። ስለዚህ አብረው የሚሄዱትን ቃላት መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1933ም የስብስቡን ውጤት አሳተመ። ከእርሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሆርንቢ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለተማሪ ብቻ የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። መጽሐፉ በ1942፥ የጃፓንና የእንግሊዝ መንግሥታት በጦርነት ላይ ሳሉ፥ በቶኪዮ ታተመ። በ1948 የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት እንደገና አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ እየታረመና እየታደሰ በዓለም ሁሉ የተማሪ ጓደኛ ሆኖአል።

ይህን መጽሐፍ እኔም አከብረዋለሁ። ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ መዝገበ ቃላት ለባለቋንቋው የተሠሩ ስለ ነበሩ «ይህ ቃል ትርጕሙ ምንድን ነው?» ለሚለው ብቻ ይመልሱ ነበር። የሆርንቢ መጽሐፍ ግን ግሡ ከምን ዐይነት ቃል ጋር እንደሚያያዝ፥ ስሙም የሚቈጠር ወይም የማይቈጠር መሆኑን በምልክት ስለሚያሳይ፥ «እንዴት ልናገረው?» ለሚለው የእንግዳ ጥያቄ መልስ ሰጠ። የአንድ ተራ ተማሪ ጭንቀት እንደ ስንፍና ሳይቈጠር የሊቃውንት ሥራ መሆኑ የሚያስመሰግን ነው።

ሆኖም መዝገበ ቃላት የሚነግረን ሰዎች እስከ ዛሬ ያሉትን ነው፤ እኛ ምን ልንል እንደሚገባን ሊነግረን አይችልም። ዛሬ ወጣቶች የሚጠይቁት የስልክ መሣሪያም ከዚህ የራቀ አይደለም። ብዙ ጽሑፍ ተመልክቶ ብዙ ጊዜ የተባለውን ያቀርብላቸዋል። ብዙ ጊዜ የተባለ ነገር ደግሞ ለመግባባት ይበጃል እንጂ፥ የተናጋሪውን ልብ ለመግለጥ ሁልጊዜ አይበቃም።

ደግሞስ «እንዲህ ይባላልን?» ስንል በማን አፍ ማለታችን ነው? በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተማሪ ቤቶቻችን ብዙ የህንድ አገር አስተማሪዎች ነበሩ። ከ1962 ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጡ። በሚሲዮን ተማሪ ቤት የተማርን ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ አስተማሪዎች ነበሩን። የጭነት መኪናውን አንዱ «ሎሪ» ይለዋል፥ ሌላው «ትራክ» ይለዋል። አንዱ የጻፈልንን ሌላው በቀይ ያርመዋል። እኛ ልጆች ሁለቱንም ላለማስቀየም በአንዱ ክፍል አንዱን፥ በሌላው ክፍል ሌላውን እንል ነበር። ያን ጊዜ ከአስተማሪዎቻችን አንዱ ተሳስቶአል ብለን እናምን ነበር፤ ለካስ ሁለቱም በየአገራቸው ልክ ነበሩ።

ህንዶች ስለዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ይሰጡናል። ቀጠሮን ወደ ፊት መግፋት በእንግሊዝኛ «ፖስትፖን» ይባላል። ቀጠሮን ከተባለው ቀን ቀደም ለማድረግ ግን እንዲህ ያለ አንድ አጭር ቃል አጡ፤ ስለዚህ ህንዶች «ፕሪፖን» የሚል ቃል አበጁ። ቃሉ በህንድ አገር በቢሮም በቤትም ይነገራል፤ በመዝገበ ቃላትም ገብቶአል። በመጀመሪያ የተናገረው ሰው «እንዲህ ይባላልን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ «አይባልም» ነበረ። ዛሬ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኙት ሰዎች ከእናታቸው ከወረሱት ይልቅ በዝተዋል። ስለዚህ ለንደንን ብቻ ዳኛ አድርጎ መሾም ነገሩን አይጨርሰውም።

አሁን ወደ ደራስያን እንለፍ፤ ጭንቀቱ ከፍ ብሎ የሚታየው በእነርሱ ነውና። ጆሴፍ ኮንራድ በ1857 ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ መርከበኛ ሆነ። እንግሊዝ አገር የገባው በ1878 ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ዓመት ነበረ። እንግሊዝኛ ከፖላንድኛና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1895 አሳተመ፤ በ1924 ሲሞትም ከታላላቅ የእንግሊዝኛ ደራስያን አንዱ ተብሎ ነው። ይህም ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲናገር ፖላንዳዊነቱ በአንደበቱ ይታወቅ ነበር። ያልታረመ ምላስና የታረመ ብዕር በአንድ ሰው አብረው ኖሩ። ወጣቶቻችን በአነጋገር ቅላፄያቸው አፍረው በስብሰባ ላይ ዝም ሲሉ ሳይ ኮንራድ ትዝ ይለኛል። ዳሩ ግን ከእርሱ የሚወሰደው ትምህርት «ቅላፄ ምንም አይደለም» የሚል ብቻ አይደለም። ኮንራድ ጽሑፉን ለእንግሊዛውያን ወዳጆቹ እያሳየ ምክራቸውን ይቀበል ነበር። መጠየቅን አልናቀም፤ መጠየቁም ከመጻፍ አላገደውም።

አሞስ ቱቱኦላ ግን የሌላ ዐይነት ሰው ነው። በ1920 በናይጄርያ ተወለደ፤ ትምህርቱ ጥቂት ዓመት ብቻ ነበረ። የተልእኮ ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል የጻፈው፥ ስለ አንድ የዘንባባ ጠጅ ጠጪ የሚተርከው መጽሐፉ በ1952 በለንደን ታተመ። ሰውዬው ከመጠጣት በቀር ሥራ የሌለው ነው፤ ጠጅ ቀጂው በሞተበት ጊዜ ሊፈልገው ወደ ሙታን አገር ይሄዳል። እንግሊዝኛው የዮሩባ ቋንቋ ትንፋሽ ያለበት፥ በሰዋስው መለኪያ ብዙ ስሕተት የሚገኝበት ነው። ማተሚያ ቤቱም ከእጅ ጽሑፉ አንዱን ገጽ ከእርማቱ ጋር በመጽሐፉ ውስጥ አትሞ አሳየ። ባለቅኔው ዲላን ቶማስ በጋዜጣ አመሰገነው። ከአገሩ ምሁራን ብዙዎቹ ግን «በፈረንጅ ፊት አሳፈረን» ብለው ተቈጡ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከፊል ዕውሮች ነበሩ። ከለንደን አመስጋኞች አንዳንዶቹ ያዩት እንደ ሕፃን የሚኰላተፍ አፍሪካዊ ነው፤ ምስጋናቸውም ለሕፃን ከሚሰጥ ጭብጨባ የራቀ አልነበረም። የአገሩ ምሁራን ደግሞ የራሳቸውን የዲፕሎማ ክብር በእርሱ ስሕተት የተነካ አስመሰሉት። ቺኑዋ አቼቤ ዘግይቶ ስለዚህ መጽሐፍ ሲናገር፥ ነገሩ ሥራን ትቶ በደስታ ብቻ ለመኖር ስለሚፈልግ ሰው የተጻፈ የግብረ ገብ ታሪክ መሆኑን አሳየ። መጽሐፉ የሚለውን ነገር ያዳመጠ እርሱ ነው። ሌሎቹ «እንዲህ ይባላልን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ቆመው ስለ ቀሩ «ምን ይላል?» ወደሚለው አልደረሱም።

አቼቤ ራሱ ሦስተኛውን መንገድ መረጠ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1958 ያሳተመው ይህ ሰው እንግሊዝኛን አጥርቶ ያውቅ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በጻፈው አንድ ታዋቂ ድርሰት ስለ አፍሪካዊ ደራሲና ስለ እንግሊዝኛ ሲናገር፥ ከገዛ ልብ ወለዱ አንድ ቦታ አውጥቶ አሳየ። አንድ ሽማግሌ የጣዖት ካህን ልጁን ወደ ሚሲዮን ሰዎች ለምን እንደሚልከው በምሳሌ እየተናገረ የሚያስረዳበት ቦታ ነው። አቼቤ ይህንኑ ንግግር ማንም እንግሊዛዊ ሊናገረው በሚችል ለስላሳ እንግሊዝኛ እንደገና ጻፈውና ሁለቱን ጐን ለጐን አቆማቸው። ሁለተኛው አንዳች ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሽማግሌው በውስጡ የለም። የኬንያው ንጉጊ ዋ ትዮንጎ በዚህ ሐሳብ አልረካም፤ ልብ ወለዱን በእናቱ ቋንቋ በጊኩዩ ወደ መጻፍ ተመለሰ፥ በ1986 ባሳተመው መጽሐፉም ምክንያቱን ገለጠ። ክርክራቸው ትልቅ ስለ ሆነ በዚህ አልፈርድም።

ከእኛም አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልብ ወለድ ርእሱ «አፈርሳታ» ነው። አፈርሳታ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጣበት ሥርዐት መሆኑን ታላላቆቻችሁ ያውቃሉ። ደራሲው ለዚህ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ቢፈልግ ኖሮ «ስብሰባ» ወይም «ምርመራ» የሚል ሞላላ ቃል ባገኘ ነበር። ቃላችንን እንዳለ አስቀመጠውና ነገሩን በታሪኩ አስረዳ። እንዲህ ያለ ቦታ «እንግሊዞች ምን ይሉታል?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ እነርሱ ነገሩ የላቸውምና ቃሉም የላቸውም። ሰው እንቅፋት መትቶት ሲያነክስ «እኔን!» የምንለውን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

አሁን የገዛ ራሴን በደል ልናገር። የአቼቤን ድርሰት ያነበብሁት ዘግይቼ፥ ብዙ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ነው። ባነበብሁ ጊዜም አንዲት ተማሪዬ ትዝ አለችኝ። አባቷ በሞተ ሰሞን ስለ ቤተ ሰቧ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፈች። በውስጡም «እንቅልፍ እናቴን እምቢ አላት» የሚለውን ነገር ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አስቀመጠችው። እንቅልፍ በሚለው ቃል ፊት «ዘ» የሚለውን መስተአምር ያለ ቦታው አግብታበት ነበር። እኔ «ዘ»ን በቀይ ቀለም ሰረዝሁት፤ ይህ ተገቢ ነበረ። ከዚያ ቀጥዬ «እምቢ አላት» የሚለውንም ሰረዝሁና በላዩ «መተኛት አልቻለችም» ብዬ ጻፍሁ። በኅዳጉም «እንዲህ አይባልም» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

መተኛት ያልቻለ ሰው ጫጫታ ቢኖርም፥ ቡና ቢያበዛም መተኛት አይችልም። እናቷን ግን እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ሴትዮዋ ለምና የተከለከለች ናት። ልጅቱ ማታ ማታ በዐይኗ ያየችውን ነው የጻፈችው። እኔ የቃሉን ልማድ አስተካክዬ የእናቷን ኀዘን ሰረዝሁባት። በሚቀጥለው ጊዜ ያመጣችልኝ ድርሰት ከመማሪያው መጽሐፍ የተለቀሙ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ። አንድም የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም፤ የእርሷ የሆነም ነገር አልነበረበትም። ከፍ ያለ ማርክ ሰጠኋት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደዚያው ጻፈች፤ እኔም ያስተማርኋት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር? አስቀድሜ «ምን ማለትሽ ነው?» ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ቀጥሎም «እንግሊዞች በተለመደው አነጋገራቸው እንዲህ ይላሉ፤ የአንቺ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ይናገራል፤ ሁለቱን ዕወቂና አንቺው ምረጪ» ማለት ነበረብኝ። መስተአምሩን ማረም የአስተማሪ ሥራ ነው። የተማሪዋን ምስክርነት መለወጥ ግን የአስተማሪ ሥልጣን አይደለም። እኔ ይህን ያላደረግሁት ክፉ ስለ ሆንሁ አይደለም። እኔም በልጅነቴ በሚሲዮን ተማሪ ቤት በቀይ ቀለም የታረምሁ ስለ ነበርሁ፥ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ግዴታ አለመሳሳት ይመስለኝ ነበር። በእኔ ላይ ያደረውን ፍርሃት ዕውቀት መስሎኝ አወረስኋት።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ሌላ ፊትም አለው። ለእንግሊዝኛው ዐሥር ጊዜ «እንዲህ ይባላልን?» የሚል ወጣት ለአማርኛው አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። ገላውን ከመታጠብ ይልቅ «ሻወር ወሰድሁ» ይላል፤ ከየት ወደ የት እንደ ወሰደው አይታወቅም። ንግግሩን ሲያጠቃልል «ዞሮ ዞሮ» ወይም «ለማንኛውም» ማለት ሲችል «በቀኑ መጨረሻ» ይላል፤ ሰዓቱ ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። ለሰው ሁሉ «ሚና ያጫውተዋል»። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ጋብቻ በአማርኛ ቃላት ተፈጸመ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚያሳፍረው ስሕተት በአማርኛ ሲሆን ሥልጣኔ ሆኖ ይታየዋል።

በዚህም ላይ ፍርዴ የጨከነ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ። ቋንቋ ከጐረቤት ተበድሮ ይኖራል። ትናንት እንግዳ የነበረ አነጋገር ዛሬ ባለ ቤት ሆኖ የምናገኘው ብዙ ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳላውቀው የተጠቀምሁበት ይኖራል። የምቃወመው መበደርን አይደለም። የምቃወመው ሚዛኑን ነው። ለሰው ቤት ሲሆን ጫማችንን አውልቀን እንገባለን፤ ለገዛ ቤታችን ሲሆን ጭቃውን ይዘን እንገባለን። ሰሚን ማክበር ጥያቄውን የወለደው ቢሆን ኖሮ፥ አማርኛ ሰሚውም እንደ እንግሊዝኛ ሰሚው ይከበር ነበር። እንግዲህ የብዙዎቻችን ጥያቄ ከአክብሮት ሳይሆን ከእፍረት የመጣ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ፥ በየትኛውም ቋንቋ ስትጽፍ ጥያቄዎችህን በቅደም ተከተል እንድታቆማቸው እመክርሃለሁ። አንደኛ፥ «ልናገር የምፈልገው ምንድን ነው? እውነትስ ነውን?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ሳይመለስ ወደ ቃል ምርጫ የሄደ ሰው ባዶ ሞሰብ እንደሚያስጌጥ ነው። ሁለተኛ፥ «የሚሰማኝ ማን ነው? ይገባዋልን?» በል። ለአሠሪ የምትጽፈው ማመልከቻና ለወዳጅህ የምትጽፈው ደብዳቤ አንድ አይደሉም፤ በመጀመሪያው የተለመደውን ጋብቻ አጥብቀህ ጠብቅ፥ በሁለተኛው ብትስት ወዳጅህ ይቅር ይልሃል። ሦስተኛ፥ አሁን «እንዲህ ይባላልን?» ብለህ ጠይቅ፤ መዝገበ ቃላቱን ግለጥ፥ የሚያውቀውን ሰው አማክር፥ ስትታረምም አትቈጣ። «አይባልም» የሚል መልስ ያገኘህ እንደ ሆነ ግን ወዲያው አትሰርዘው። ያላሉት ስለማይቻል ነው ወይስ የሚሉት ነገር ስላልነበራቸው ነው? የመጀመሪያው ከሆነ በደስታ አርመው። ሁለተኛው ከሆነ ቃልህን ያዝ፤ ሰሚው እንዲያስተውለውም አጠገቡ ብርሃን አኑርለት።

አስተማሪ ለመሆን ያሰባችሁም ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀይ ቀለሙን ከማንሣታችሁ በፊት የልጁን ጽሑፍ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያቺን ልጅ ዛሬ ባገኛት ማርኩን አላነሣባትም፤ ነገር ግን «እናትሽን እንቅልፍ ታረቃት ወይ?» ብዬ እጠይቃት ነበር።